አስራቢዋ ምራት

ከሸማ ተራ ጀርባ ባለው ሰፈራችን በደርግ ዘመን «አማቷን የምታስርብ ምራት» ተብዬ ስሜ ሲነሳ ኖሯል። ያወሩት አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። ያሉትም ረስተውት ይሆናል፤ እኔ ግን አልረሳሁትም። ሰርግ ቤት ገብቼ ስቀመጥ «እሷን ከወጡ አጠገብ አታስቀምጧት፣ ለሰው አትሰጥም» ብላ ያሳቀችብኝን ሴት ከነለበሰችው ቀሚስ አስታውሳታለሁ። ሌላው የሚለውን ብሎ ጨርሷል፤ አሁን ደግሞ እኔ የነበረውን ልናገር።

አማቴ በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው በሸማ ተራ ነጠላና ጋቢ ሲሸጡ ያረጁ ሴት ነበሩ። ባላቸው ቀድመው ሞተዋል። ሁለት ልጆች ነበሯቸው፦ ታላቋ ልደታ አካባቢ ያገባች ሴት፣ ታናሹ የእኔ ባል። ባሌ በአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። በዚያ ዘመን መኪናው ሁሉ በኮንቮይ ስለሚሄድ ሹፌር ሲወጣ እንጂ ሲመለስ አይታወቅም። ስለዚህ በዚያ ቤት የኖርነው እኔና አማቴ ነን ማለት ይቻላል።

አልተዋደድንም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ «ትወዳቸው ነበር» የሚል እንዳይመጣ። እሳቸው ለልጃቸው ዘመዳቸውን አስበው ነበር፤ እኔን ያመጣኝ እሱ ነው። የእኔ ሥራ ነጠላ መቋጨት ነበር። ሸማኔው ሠርቶ ሲያመጣ ጫፉ ላይ የቀረውን ክር እየከፋፈሉ፣ በመዳፍና በጉልበት መካከል እያከረሩ ዘርፍ ማውጣት ማለት ነው። አማቴ የቋጨሁትን አንስተው ወደ ብርሃን ያዩና፣ ደንበኛ ቆሞ እያለ፣ «ይኼ ተቋጨ ተብሎ ነው? የአህያ ጭራ ይሻላል!» ይሉኝ ነበር። ዝም እላለሁ። ዝምታዬ ትሕትና የመሰላቸው ሰዎች ነበሩ። አልነበረም።

ሕመሙ የጀመራቸው በነጠላ አጣጠፍ ነው። ነጠላ ለሽያጭ ሲታጠፍ ጥለቱ ወደ ውጭ ይሆናል፤ ገዢ ከሩቅ የሚያየው እሱን ነዋ። አማቴ አንድ ሰሞን ጥለቱን ወደ ውስጥ እያጠፉ መደርደር ጀመሩ። ከሩቅ ሲታይ ነጭ በነጭ፣ የከፈን ክምር ይመስላል። ጎረቤት ነጋዴዎች ሳቁባቸው።

«እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ ለማን ሬሳ ነው?»

«ለአንተ ነው፤ ና ልለካህ!» አሉት አንዱን። ምላሳቸው ገና ስለት ነበረው። ግን እኔ ጥለቱን ወደ ውጭ ስመልሰው እሳቸው መልሰው ወደ ውስጥ ያዞሩታል፤ ዞር ስል ደግሞ «ማነው ዕቃዬን የሚያገላብጥብኝ?» ይላሉ። ያን ጊዜ ለእኔ ክፋት መስሎኝ ነበር። የለመደባቸው ነገር ነበራ።

ከዚያ ጠፍተው አውቶቡስ ተራ ተገኙ። ተሸካሚዎች ናቸው ይዘው ያመጧቸው። የደሴ አውቶቡስ የትኛው እንደሆነ እየጠየቁ፣ ባዶ እጃቸውን፣ ከተሳፋሪ ጋር ሲጋፉ አገኟቸው። «እናቴ ትጠብቀኛለች፤ አምሽቼባታለሁ» ይላሉ። እናታቸው የሞቱት እኔ ሳልወለድ ነው። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ያውቃቸው ስለነበር «እትዬ፣ የደሴው ሞልቷል፣ ነገ ይሄዳሉ» ብሎ አታሎ አመጣቸው። ያን ብልሃት ከእሱ ተማርኩ፤ ኋላ ስንት ጊዜ «የደሴው ሞልቷል እማማ» እንዳልኳቸው አላህ ነው የሚያውቀው።

ባሌ ከመንገድ ሲመለስ ነገርኩት። ጫማውን እየፈታ ሰማኝ።

«ሰው ሲያረጅ ይጃጃል፤ ምን አዲስ ነገር አለው? አንቺ ቤት ነሽ አይደል? ያዣት።»

ያዣት። የአንድ ሰው ሕይወት፣ ማብላቱ፣ ማጠቡ፣ በር መዝጋቱ፣ መፈለጉ፣ በዚያች አንዲት ቃል ውስጥ ገብቶ ለእኔ ተሰጠኝ። እሱ በሳምንቱ ኮንቮዩን ተቀላቅሎ ሄደ።

በሽታው ስም እንዳለው ያኔ አላወቅንም። ጤና ጣቢያ ወስጃቸው ነርሷ «ዕድሜ ነው» አለችኝ። ጎረቤት አንዱ «ጅን ነው»፣ ሌላው «ሱቁን ስለዘጉባቸው በንዴት ነው» አለ። ሱቁን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ? ዕቃውን ለመንገደኛ ሁሉ በነፃ ያለብሱት ጀምረው ነበር።

ረሃቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ረሃብ እለዋለሁ እንጂ ረሃብ አልነበረም። በልተው መብላታቸውን ይረሳሉ። ሳህኑን ሳላነሳ፣ ገና ከንፈራቸው ላይ ወጥ እያለ፦

«አንቺ፣ በዚህ ቤት እህል የለም?»

«አሁን በልተው ጨረሱ እኮ እማማ። ሳህኑ ይኸው።»

«እሱ የድመቷ ነው።»

ድመት የለንም። መጀመሪያ ሰሞን ሳቄ መጥቶ ነበር። ኋላ ግን ድምፃቸው ከቤት አልፎ ወጣ። ደጃፍ ላይ ቆመው በዚያ ሸማ ተራን ሙሉ በሚሰማ የነጋዴ ጉሮሯቸው «የወላድ ያለህ! ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም!» ይላሉ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ እሳቸውን ያይና ከዚያ ዞሮ እኔን ያያል።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ልምጣ። ግድግዳችን አንድ ነበር፤ ጭቃ ግድግዳ፣ ማንኪያ ሲወድቅ የሚያሰማ። እሷ የሰማችውን እየሰማች ያልገባትን እየጨመረች የምትኖር ሴት ነበረች። አንድ ቀን በረንዳዬ ላይ ቆማ፦

«እታለም፣ እኒህ አሮጊት ምን አደረጉሽ?» አለችኝ።

«ምንም።»

«የድሮውን እየተበቀልሽ እንዳይሆን። ድሮ እንደሚያበሽቁሽ እኮ ሁላችንም እናውቃለን።»

«ግቢና ድስቱን እዪው።»

«የሰው ድስት ከፍቼ አላውቅም» አለችና አንገቷን ሰብራ ሄደች። የሰው ድስት አትከፍትም፤ የሰው ስም ግን ትከፍታለች።

ውሃ ለመቅዳት ቦኖ ስሄድ በኋላ በር ትገባና ዳቦ፣ ንፍሮ፣ ያደረ ወጥ ታበላቸዋለች። እኔ ቁርስና ምሳ ያበላኋቸውን ሴት! ጨዋነቷን ለማስመስከር ደግሞ ለሰፈሩ ትናገራለች፤ «እንዴት እንደጎረሱልኝ ብታዩ!» እያለች። ሆዳቸው ይበጠበጣል። ከዚያ አንሶላው፣ ቀሚሱ፣ ፍራሹ። ሳሙና በቀበሌ ካርድ ነው የሚሰጠው፤ የወሩ ሳሙና ወሩን ሳይጋመስ ያልቃል። ያበላችው እሷ፣ ያጠብኩት እኔ። ሽታው በግድግዳው አልፎ ሲሄድባት ደግሞ «አታጥባቸውም» አለች።

ነገሩ ቀበሌ ደረሰ። በሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ነው። ከስብሰባ መቅረት አይቻልም፤ የቀረ ስኳር ሲታደል ስሙ ይዘለላል ይባል ነበር። ሊቀ መንበሯ ካኪ ኮት የምትለብስ፣ ቆፍጣና፣ ለእኔ ከዚያ በፊት ክፉም ደግም ያልነበረች ሴት ናት። የዓለም ሁኔታ ከተነበበልን በኋላ እኔን አስነሳችኝ።

«ጓዲት፣ በአንቺ ላይ ሂስ ቀርቧል። ግለ ሂስ አድርጊ።»

«ምን ብዬ?»

«አማትሽን ማስራብሽን አምነሽ።»

«አላስራብኩም።»

«ግለ ሂስ ማለት ጥፋትን ማመን ነው። ካላመንሽ ግለ ሂስ አላደረግሽም።»

«ያላደረግኩትን ምን ብዬ ልመን?»

ከኋላ አንዲት ሴት በነጠላዋ አፏን ሸፍና «እኛንስ ስኳር ላስራበን ማን ግለ ሂስ አደረገ?» አለች። ቤቱ በነጠላ ውስጥ ሳቀ። ሊቀ መንበሯ ጠረጴዛውን መታች። ማን እንዳለው ማንም አላየም፤ ያኔ ማንም ምንም አያይም ነበር፣ የእኔን ድስት ካልሆነ በስተቀር።

ጎረቤቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ታያለች። ያን ጊዜ ነው የመጣልኝ።

«እሺ፣ ሂሱን የሰጡ ጓዶች ተረኛ ይመድቡ» አልኩ። «በየቀኑ አንዲት ሴት ትምጣና ታብላቸው። ስትጨርስም ትጠባቸው፣ አንሶላቸውን ቦኖ ወስዳ ታጽዳ። ማንን ልመዝግብ? ከዚህ ልጀምር?»

ሁሉም ወለሉን ያያል።

«ይህ አጀንዳ ላይ የለም» አለች ሊቀ መንበሯ። ወደ ሳሙናና ስኳር ተሻገርን። ቃለ ጉባኤው ሲነበብ ግን «ጓዲት ሂሱን ተቀብላለች» ይል ነበር። እንግዲህ ሂሱን ተቀብያለሁ።

ከዚያ ረመዳን ገባ።

አማቴ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ጾም ያላቋረጡ ሴት ናቸው። ታመው እንኳ ዶክተሩን «አንተ ትጾምልኛለህ?» ያሉ። አሁን ግን ጠዋት «ጾመኛ ነኝ» ይሉና እኩለ ቀን ሳይደርስ ራበኝ ብለው ይጮኻሉ። ሶላትም እንደዚያው ሆኖ ነበር፤ የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ ሰግደው ሳይነሱ እንደገና ያሰግዳቸዋል፤ ጉልበታቸው እስኪከዳቸው። የሰፈራችንን መስጂድ ሼህ ሄጄ ጠየቅኩ። ሽማግሌ ናቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ።

«የሚያደርጉትን ያውቁታል ልጄ?»

«አንዳንዴ። ብዙውን ጊዜ አያውቁትም ሼሃችን።»

«እንግዲያ አእምሮው በሌለ ሰው ላይ ግዴታ የለም። አብያቸው። አጅሩ፣ ምንዳው፣ ለአንቺ ነው።»

አበላኋቸው። በሩን ዘግቼ ነው የማበላቸው። የዘጋሁት ለክብራቸው ነበር፤ ያቺ የረመዳን ሴት በቀን ስትበላ ሰው እንዳያያት። ግድግዳው ግን የማንኪያውን ድምፅ አሳለፈው። ጎረቤቴ በአንድ አፏ ታስርባቸዋለች እያለች በሌላው ጾም ታስፈታቸዋለች አለች። ሁለቱ እንደማይገጥሙ ማንም አልጠየቃትም። ወሬው ልደታ ደረሰ።

ዋርሳዬ፣ የባሌ እህት፣ መጣች። ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች፤ ያኔ እትዬ እላት ነበር፣ አንቱም እላት ነበር። እዚህ ላይ አንቱታውን አንስቼባታለሁ፤ በሕይወት እያለች ከሰጠኋት ይበቃታል። በወር አንድ እሑድ መጥታ ደጃፍ አካባቢ ትቀመጥና እናቷን ከሩቅ አይታ የምትሄድ ሴት ናት። ያን ቀን ውይይት ታክሲ አስቁማ ነው የገባችው።

«እናቴ ጾም ፈታ አታውቅም» አለች፣ ሰላምታ ሳትሰጠኝ።

«ሼሁን ጠይቄ ነው እትዬ።»

«ሼሁን ጠየቅሽ። እኔንስ ጠየቅሽ?»

«እርስዎ መቼ ተገኙና?»

ዓይኗ ቀላ። ወደ እናቷ ዞረች። «እማ፣ ተነሺ እንሂድ። እኔ ቤት እህል አለ።»

አማቴ ቀና ብለው አዩዋት። «ማነሽ አንቺ?»

«ልጅሽ ነኝ እንጂ!»

«ልጄማ ትንሽ ናት» አሉ። «ይቺ አሮጊት ናት።»

ያን ጊዜ የዋርሳዬን ፊት አየሁት። ለአፍታ አሳዘነችኝ። ግን ኀዘኗን ይዛ ምን አደረገችው? ወደ እኔ ወረወረችው። «ምን አድርገሽባት ነው? ምን አጠጥተሻት ነው?» አለች። ጎረቤቴ ደጁ ላይ ቆማ ራሷን ትነቀንቃለች። ሁለቱ ደግፈው አማቴን ታክሲ አስገቧቸው፤ አማቴ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው ለሰፈሩ «ደሴ ስደርስ እልክባችኋለሁ!» አሉ።

ቤቱ ጭር አለ። ፍራሹን አውጥቼ ፀሐይ አስመታሁ። ተከምሮ የነበረውን ነጠላ ቋጨሁ። እንደ ሰው ተኛሁ። ሰፈሩ በዚያ ሰሞን «ልጅቷ መጥታ አዳነቻቸው» ይል ነበር፤ ቦኖ ላይ ሰልፍ ስይዝ ጨዋታው ይቆማል።

ዒድ ሳይደርስ ታክሲው ተመልሶ መጣ። ዋርሳዬ እናቷን ደግፋ አወረደች፤ ዘንቢላቸውንም አስገባች። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፤ ፀጉሯ ከሻሿ ወጥቷል። እንዴት እንደነበር ከልደታ ነጠላ ልትገዛ የመጣች አንዲት ሴት ኋላ ነገረችኝ። ማታ ጾመኛ እንግዳ ለማስፈጠር ጠርታ፣ ማዕዱ ቀርቦ፣ አማቴ ተነስተው «ይቺ ሴት እዚህ ካመጣችኝ ጀምሮ እህል አላቀመሰችኝም፤ ፖሊስ ጥሩልኝ» አሉ አሉ። በነጋታው ደግሞ ሳህን ይዘው የጎረቤት በር ሲያንኳኩ ተገኙ።

ያን ቀን ግን ዋርሳዬ ከዚህ አንዱንም አልተናገረችም።

«እዚህ ለምዳለች» አለች። «ቦታ ሲቀየርባት ትጨነቃለች።»

«እዚያም ራበኝ አሉ እንዴ?»

ዘንቢሉን ወደ ግድግዳው አስጠጋች።

«ይህን ለጎረቤቴ ይንገሩልኝ እትዬ። ሌላ ምንም አልፈልግም። በእርስዎ ቤትም ራበኝ ይሉ እንደነበር ብቻ ይንገሯት።»

ነጠላዋን አስተካከለች። «የእናቴን ገመና በየግድግዳው የምዘራ ሰው አይደለሁም» አለች።

የእኔ ገመና በየግድግዳው ሲዘራ ከርሞ! ግን አማቴ «አንቺ ልጅ፣ ምሳ የለም?» ሲሉኝ ሰማሁና ገባሁ። ከኋላዬ ታክሲው ሲነሳ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ አማቴ ቁልቁል ነው የሄዱት። መጀመሪያ መንገድ ቀረ፣ ከዚያ መቆም፣ ከዚያ ቃል። «ራበኝ»ም ቀረ። ሲጮኹብኝ ያስመርረኝ የነበረው ድምፅ ሲጠፋ ቤቱ እንዲህ ይከብዳል አላልኩም ነበር። ይህንንም ፍቅር ብላችሁ እንዳትወስዱብኝ። ሰው የለመደውን ድምፅ ሲያጣ የሚሰማው ነው።

አንድ ነገር ብቻ አልጠፋቸውም። ሲጨነቁ፣ ሲወራጩ፣ ያልተቋጨ ነጠላ ጭናቸው ላይ ሳደርግላቸው ጣታቸው ክሩን ይፈልገዋል። ይከፍሉታል፣ ያከርሩታል፣ ጫፉን ይቋጥሩታል። ዓይናቸው ሌላ ቦታ ነው፤ ልጃቸውን አያውቁትም፣ እኔንም አያውቁኝም፤ ጣታቸው ግን ሥራውን ያውቃል። ከእኔ የተሻለ ነው የሚቋጩት። ያንን ነጠላ ከራሴ ጋር ቀላቅዬ ለሸማ ተራ አስረክባለሁ። አንድ ነጋዴ «ሰሞኑን እጅሽ አማረ» አለኝ። «የእኔ አይደለም» አልኩት። የተግደረደርኩ መስሎት «አይ፣ ደግሞ ታፍሪያለሽ» አለ።

ለተኛ ሰው ምን እንደሚደረግ ያስተማረኝ የለም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ አንድ ጊዜ «አገላብጫቸው፣ አለበለዚያ ይቆስላሉ» ብላኝ ነበር። ያቺን ቃል ያዝኩ። አጎዛ አነጠፍኩላቸው። ድስት ጥጄ አገላብጣቸዋለሁ፣ ከቦኖ መጥቼ አገላብጣቸዋለሁ፣ አንድ ነጠላ ቋጭቼ አገላብጣቸዋለሁ። ጀርባቸውን፣ ዳሌያቸውን፣ ተረከዛቸውን እቀባለሁ። ከባድ ሴት ነበሩ፤ እየከሱ ሲሄዱ እንኳ አጥንታቸው ይከብዳል። ዛሬ ወገቤን ሲያመኝ ያ ነው እላለሁ፤ ሐኪም ሌላ ሊል ይችላል።

ባሌ ከመንገድ ሲመጣ በር ላይ ቆሞ «እንዴት ናት?» ይለኛል። «ግባና እያት» እለዋለሁ። ገብቶ ትንሽ ይቆምና «እህል በረንዳ ጭነት አለብኝ» ብሎ ይወጣል። እህል በረንዳ ያን ያህል ጭነት ኖሮ ቢሆን አገሩ ባልተራበ። አላህ ይማረው፣ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን የሰፈሩን ሐሜት እየሰማ አንድ ቀን እንኳ ተነስቶ «ሚስቴ እንዲህ አላደረገችም» አላለም። ስጠይቀው «እኔ መንገድ ላይ ነኝ፤ ምን አይቼ?» ይለኛል። ሳያይ የመሰከረብኝ እንጂ ሳያይ የመሰከረልኝ አላገኘሁም።

መጨረሻው አካባቢ መዋጥ አቃታቸው። ያጎረስኳቸው በጉንጫቸው ውስጥ ይቀመጣል፤ ቀጭን አጥሚት እንኳ ያስላቸዋል፣ ፊታቸው ይጠቁራል። ነርሷን ለምኜ ቤት አመጣኋት። አየቻቸውና ወደ ውጭ ጠራችኝ።

«ከእንግዲህ በግድ አትስጫቸው፤ ወደ ሳንባ ነው የሚገባው። ከንፈራቸውን በጨርቅ አርጥቢ። እንዲህ ሲሆን ሰውነት ራሱ አልፈልግም ይላል፤ ረሃብ አይደለም።»

ረሃብ አይደለም። ይህን ወጥታ ለሰፈሩ ብትነግርልኝ ብዬ ተመኘሁ። ተረኛ ነበረች፣ ሄደች።

ዋርሳዬ ተጠርታ መጣች። ነርሷ ያለችውን ነገርኳት። አልሰማችኝም፤ ወይም መስማት አልቻለችም። ጎረቤቴ ያቀበለቻትን አጥሚት በኩባያ ይዛ የእናቷን ራስ አቀናች።

«እማ፣ ጠጪ። ለእኔ ስትዪ ጠጪ።»

«እትዬ፣ ይተዉ፤ ያንቃቸዋል።»

«እናቴ ተርባ አትሞትም!» አለችና አፈሰሰችባቸው። አማቴ አነቃቸው። ዓይናቸው ፈጠጠ፣ ጉሮሯቸው ፉጨት አወጣ። ኩባያውን ከእጇ ነጥቄ ወለሉ ላይ ደፋሁት፤ አማቴን በጎን አስተኝቼ አፋቸውን በጣቴ ጠረግኩ። ትንፋሻቸው ተመለሰ።

ጎረቤቴ ደፉ ላይ ነበረች። «ከአፋቸው ነጠቀች!» ብላ ጮኸች። «በዓይኔ አየሁ፣ ከአፋቸው ነጠቀች!» እስከ ዛሬ የሚወራው ይኼ ነው። ሐሰት አይደለም፤ ነጥቄያለሁ። ለምን እንደነጠቅኩ ግን ዋርሳዬ ታውቃለች። እናቷ ክንዷ ላይ ሲታነቁ አይታለች። ያን ቀንም ዝም አለች።

አማቴ የሞቱት በማለዳ፣ ገበያው ሲከፈት ነው። አጠገባቸው ተቀምጬ እቋጫለሁ። እሳቸው ደግሞ የብርድ ልብሱን ጠርዝ ይዘው ጣታቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ክር የሌለውን ያከርራሉ። ቀና ስል እጃቸው ቆሟል። ትንፋሻቸው ሳይሆን እጃቸው ነው የነገረኝ።

ሴቶቹ ተሰበሰቡ። ከመስጂድ የማጠቢያው ጣውላ መጣ፤ ሬሳ አጣቢዎቹም መጡ፣ ሁለት ረጋ ያሉ አሮጊቶች። ውስጠኛውን ክፍል በመጋረጃ ጋረድን፣ ውሃ ለብ አደረግን። ውጭ ጎረቤቴ ማልቀስ ጀምራለች። «ወይኔ እትዬ! ቤት ሙሉ እህል እያለ! አንድ ጉርሻ አምሯቸው ሄዱ!» እያለች። ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ በእንባቸው መካከል ያዩኛል።

ከአጣቢዎቹ አንዷ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ «ከቤተሰብ የሚገባ አለ?» አለች።

ሁሉም ወደ እኔ አዩ። ምራት ናት የምትገባው፤ ያጠበች እሷው ትጠብ፣ ነው ነገሩ። አጣቢ ደግሞ ያየችውን አትናገርም፤ በሬሳ ላይ የታየ ነገር አማና፣ አደራ ነው፣ ከእሷ ጋር ይቀበራል። እኔ ገብቼ ባጥብ፣ እነሱም አይተው ዝም ቢሉ፣ የአማቴ ሰውነት የመሰከረልኝ ሁሉ ከአማቴ ጋር ኮልፌ መቃብር ሊቀበር ነው። ይህ በአንድ ጊዜ ታየኝ።

«እትዬ፣ እርስዎ ይግቡ» አልኩ ዋርሳዬን።

«እኔ?» አለች። «እኔ አልችልም፤ አንጀቴ አይችልም። አንቺ ግቢ፣ አንቺ ለምደሻል።»

«እኔማ ሳጥብ ከረምኩ። ልጃቸው እርስዎ ነዎት፤ የዛሬው የእርስዎ ነው።»

ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የተናገርኩት። ሴቶቹ ልቅሷቸውን ቀነሱ። አጣቢዋ «እውነቷን ነው፤ ልጅ ካለች ልጅ ናት» አለች። ዋርሳዬ ግራ ቀኝ አየች። ተነሳች፤ እጅጌዋን ሰበሰበች፤ ገባች።

እኔ ከመጋረጃው ውጭ ሆኜ ውሃ አቀብላለሁ። የውሃው ድምፅና የአጣቢዎቹ ቢስሚላህ ይሰማል። «በግራ አዙሪያት» ሲሏት ሰማሁ። «ቀስ፤ ጀርባዋን።» ረጅም ጊዜ ተኝቶ የሞተ ሰው ጀርባ ምን እንደሚመስል በእነዚያ ሰፈሮች የማታውቅ ሴት የለችም። ውሃው ለትንሽ ጊዜ ቆመ። ከዚያ እንደገና ጀመረ።

ስትወጣ እጅጌዋ እስከ ክርኗ እርጥብ ነበር። ባዶ ቦታ ሞልቶ ሳለ መጥታ ከአጠገቤ ተቀመጠች። አላየችኝም። ቀስ ብላ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፦

«ተረከዟን ምን ነበር የምትቀቢያት?» አለችኝ።

«ቫዝሊን ሲገኝ። ሳይገኝ የኑግ ዘይት።»

ራሷን ነቀነቀች።

ጎረቤቴ ከወዲያ አንገቷን አስግጋ ዋርሳዬን «እንዴት ነበሩ እታለም? ከስተው ነው?» አለች። ቤቱ ሁሉ ጆሮውን ሰጠ። እኔም ሰጠሁ። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። በሕይወቴ የሰው አፍ እንደዚያ ጠብቄ አላውቅም።

ዋርሳዬ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። «የሞተ ሰው ምን ይመስላል?» አለች። ሌላ አልጨመረችም። ጎረቤቴ ልቅሶዋን ካቆመችበት ቀጠለች።

ከዚያም ብዙ ዓመት ኖረች፤ በሰርግም በለቅሶም ተገናኘን። በዒድ ሳህን ትልክልኛለች፣ እኔም እልክላታለሁ። ታማ ስትተኛ ሄጄ ጠይቄያታለሁ፤ ምራቷን ጠርታ በፊቴ «ተረከዜን ቅቢልኝ» አለቻት፣ እኔን ሳታይ። ስለ እናቷ ግን በእኔና በእሷ መካከል ከዚያች የተረከዝ ጥያቄ ሌላ ቃል ሳይወጣ ሞተች። «ቁስል የለባትም» ማለት ለአንደበት አይከብድም። አላለችውም።

ስለዚህ እኔው ልበለው። አማቴ ሲሞቱ በሰውነታቸው ላይ አንድም ቁስል አልነበረም።